እጃችንን የዘረጋነው ለምርቃት ነበር

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 16 ቀን 2015 ዓ.ም.

አጎቴ መሪጌታ ገብረሰንበት፣

አስቀድሜ ጉልበትዎን ስሜያለሁ። ቀጥዬ የእናቴን የእህተ ማርያምን። ጥምቀትን እንዴት ዋላችሁ? እኔ እዚህ ታቦት ስሸኝ ዋልኩ፤ ልቤ ግን አዝጉና ነበር። ስልክ እንዳልደውል ኔትወርኩ ኮረብታው ላይ ካልወጡ አይገኝም፤ ቢወጡም «ለነፋስ የነገሩትን ነፋስ ይወስደዋል» ይሉኛል። ስለዚህ እንደ ልማዳችን በወረቀት፣ ወረቀቱም በደስታነሽ እጅ። እሷ የቡሬን ገበያ እስካልተወች ድረስ እኛም ፖስታ ቤት አለን።

ወደ ጠየቁኝ ልመለስ። አዎ፣ እውነት ነው። በዓይኔ አይቸዋለሁ።

የአዝጉናን ምንጭ ውኃ አሽጎ ለሚሸጥ ባለሀብት ለመስጠት የተዘጋጀው ፋይል እኔ ካለሁበት ጽሕፈት ቤት ነው ያለው። እኔ በኮንትራት የገባሁ ጀማሪ ነኝ፤ ፋይል እንዳቀብል እንጂ እንዳነብ የቀጠረኝ የለም። ግን የመንደሬን ስም ሽፋኑ ላይ ሳይ እንዴት ያስችለኝ? ከፈትኩት።

ውስጡ ያለው ቃለ ጉባኤ እንዲህ ይላል፦ «የአካባቢው ነዋሪ በጉዳዩ ላይ በሰፊው ከተወያየ በኋላ፣ በሚገባው ቋንቋ በአስተርጓሚ ተብራርቶለት፣ የምንጩ ውኃ ሙሉ በሙሉ ለልማት እንዲውል በሙሉ ድምፅ ደግፏል።» ከሥሩ ፎቶ ተለጥፏል። ሁላችሁም አላችሁበት። እርስዎ ከሾላው ሥር ቆመዋል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ተቀምጣለች። የውኃ አባታችን፣ ተራ አከፋፋዩ ሀይሉ ከጎኗ ነው። ሁላችሁም ሁለት ሁለት እጃችሁን ዘርግታችኋል፣ መዳፋችሁ ወደ ሰማይ። የፎቶው ጽሑፍ «ነዋሪው ድጋፉን እጅ በማውጣት ሲገልጽ» ይላል።

በየትኛው አገር ነው አጎቴ፣ ሰው በሁለት እጁ ድምፅ የሚሰጠው? መዳፉን እንደ ጽዋ ገልብጦ የሚመርጥ ሕዝብ የት አለ? ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ አንድ ቀን ማኅበር ላይ ጠበል ጻዲቅ መቅመስ ይበቃል። ያነሣችሁ ደግሞ ሸጋዬ ነው፣ የሥራ ባልደረባዬ። «እነዚህ አገዎች ደግ ናቸው፤ እኛ አንድ እጅ ስንለምን ሁለት ሰጡን» ብሎ ቢሮውን ሲያስቅ ቆሜ ሰማሁት። ከየት እንደመጣሁ አያውቅም። ስሜ አማርኛ፣ አነጋገሬ የከተማ፤ ጠይቆኝ አያውቅም።

እንዴት እንደሆነ ይጻፉልኝ። አስተርጓሚ የተባለውስ ማን ነው? ሀይሉስ እንዴት ዝም አለ? እሱ እንኳን ምንጩን፣ አንድ ፍንጣሪ ውኃ ከተራ ውጭ ቢፈስ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው!

የተናደደች ልጅዎ ያምሮት

———

አዝጉና፣ ጥር 24 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለያምሮት፣

የአባቶቻችን አምላክ ካለሽበት ይጠብቅሽ። ደብዳቤሽን ደስታነሽ ከአሞሌዋ ጋር ቋጥራ አመጣችልኝ። ጨው ጨው እያለኝ አነበብኩት፤ ነገሩም ከጨው የመረረ ነው። መልሴ ስለዘገየ ይቅር በይኝ፤ ብዕሩ ሳይሆን እጄ ነው እምቢ ያለኝ። እናትሽ ደህና ናት። ያው ጉልበቷ ነው፣ ጉልበቷን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ክረምትም በጋም ሰበብ አያጣም።

ቁጣሽን ወደድኩት። ብቻ ልጄ፣ ቁጣ ጎርፍ ነው፤ ቦይ ካላበጁለት የራስን ማሳ ያጥባል።

አስተርጓሚው ማን ነው ላልሽኝ፣ እኔ ነኝ።

በጥቅምት መጨረሻ በመኪና መጡ። እንግዶች ናቸው። እንግዳ ሲመጣ ምን እንደምናደርግ አንቺ አይጠፋሽም፤ ማሩ ቀረበ፣ እርጎው ቀረበ፣ ከሾላው ሥር አጎዛ ተነጠፈ። አለቃቸው አቶ ዳኘው ተነሥቶ በአማርኛ ብዙ ተናገረ። ግማሹ ሰው አልገባውም። «መሪጌታ፣ እስቲ ንገሩልን» አለኝ። ከዚያ ሁሉ ንግግር የተያዘልኝ ፍሬ ነገር «አንድ ሠሪ ሰው ከምንጫችሁ ውኃ ይፈልጋል» የሚል ነው። እሱኑ በአገውኛ ነገርኳቸው።

አሁን ፍረጂ። እኛ ዘንድ ውኃ የለመነ ይከለከላል? አያትሽ አልከለከሉም፣ የእሳቸውም አባት አልከለከሉም። ባዳ መጥቶ ቢያርስ የውኃ አባቱ ተራ ያወጣለታል፤ ተራው ሲደርስ ቦዩ ይከፈትለታል፣ ሲያልፍ ይዘጋል፣ አለቀ። ሀይሉ ተነሣና «ከቤተ ክርስቲያኑ ማሳ ቀጥሎ፣ ረቡዕ ከሰዓት ይሁንላቸው» አለ። ሰው ሁሉ ተስማማ። ወለተ ጊዮርጊስ ብቻ፣ ያች ነገር የማያመልጣት ባልቴት፣ «ለረቡዕ ከሰዓት ውኃ ይህን ያህል መኪና ምን ያመጣዋል?» ብላ ጠየቀች። ሳቅንባት። እግዜር ይቅር ይበለን።

ሊሄዱ ሲነሡ እንደ ወጉ መረቅኋቸው። «በሰላም ግቡ፣ ያሰባችሁት ይስመር፣ እጃችሁ የነካው ይለምልም» አልኩ። ሰው እጁን ዘርግቶ አሜን አለ። ያ ሸጋዬ ያልሽው ጎረምሳ ስልኩን ያወጣው ያኔ ነው። እኔማ ለማስታወሻ መስሎኝ ፊቴን አቃንቼለታለሁ።

ይኸው ነው ታሪኩ። ረቡዕ ከሰዓትን ሰጠን፤ ሳምንቱን ሙሉ ሰጣችሁ ተባልን።

«በሚገባው ቋንቋ» የሚለው ቃል ደግሞ አላስተኛኝም። ከወንዙ ማዶ፣ በአገው አስተዳደር ያሉት ዘመዶቻችን ልጆቻቸው በአገውኛ ይማራሉ፣ ቢጣሉም በአገውኛ ይዳኛሉ። እኛ ከወንዙ ወዲህ ስለተወለድን አገውኛችን ከከብትና ከሕፃን ጋር ማውሪያ ሆኖ ቀረ። በአገውኛ ተወልጄ፣ በግእዝ አመስግኜ፣ በአማርኛ እከሰሳለሁ። ሦስት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በሦስቱም መታለሉ አይገርምሽም?

ስለ ሀይሉ የጠየቅሽኝ፣ ደህና ነው። ጤናው ደህና ነው። ልጆቹም ይበላሉ። ውኃውን የማከፋፈሉን ነገር ለጊዜው እኔ ይዤዋለሁ። ሌላ አትጠይቂኝ።

አጎትሽ ገብረሰንበት

———

ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ሰላምታዬን ዛሬ አሳጥሬዋለሁ፤ ተቆጥቻለሁ፣ በእርስዎም ጭምር።

«ደህና ነው» ብለው ጻፉልኝ። ልክ ነዎት፣ ደህና ነው። ደስታነሽ ጠቁማኝ፣ ቅዳሜ በማንኩሳ በኩል ቡሬ ድረስ ሄጄ በፖሊስ ጣቢያው አጥር በኩል አየሁት። ታስሮ! ገና ከልደት በፊት የታሰረ ሰው ነው «ደህና ነው» ያሉኝ? ሕግ ያስተማራችሁኝ ለጌጥ ነው? ለምርቃቴ ቀን የለበስኩትን ጥቁር ካባ እናቴ ግድግዳ ላይ ሰቅላው የለ፤ ከእሱ ጎን እኔንም ስቀሉኝ እንግዲያው።

ይቅር ይበሉኝ። እንዳልሰጋ ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ።

እኔን ሲያየኝ መጀመሪያ ያለው «ውኃውን ማን ይዞታል?» ነው። እርስዎ እንደያዙት ስነግረው «መሪጌታ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ለሰው ያዝናል፤ ውኃ ለሚያዝን ሰው አይሆንም» አለኝ። ከዚያ የሆነውን ነገረኝ። «ረቡዕ ከሰዓት መጥተው ቧንቧቸውን ቢቀብሩ ባልነካኋቸው። ሰኞ ጠዋት ቀበሩት። ሰኞ ጠዋት የእነ አይናለም ተራ ነው። ነቀልኩና ደረቅ ቦታ አስቀመጥኩላቸው፤ ሣር ጎዝጉዤ ነው ያስቀመጥኩት፣ እንዳይጫርባቸው።» ክሱ ላይ ግን «የልማት አውታር በማውደም» ይላል። ሣር ጎዝጉዞ የሚያወድም ሰው! ዘመዱ ሆኜ አይደለም የምናደደው፤ ማንም ቢሆን ያናድዳል። ውኃ የሰረቀ ቢሮ ተቀምጦ ውኃ የጠበቀ ይታሰራል።

አሁን በጥሞና ይስሙኝ። ፋይሉ ከበላይ ተመልሶ መጥቷል። ፎቶ ብቻውን አይበቃም፣ ነዋሪው የፈረመበት፣ አስተርጓሚም በስሙ የፈረመበት ቃለ ጉባኤ ይምጣ ተብሏል። ስለዚህ እነ አቶ ዳኘው እንደገና ይመጡባችኋል። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ሳልተኛ አስቤበታለሁ፤ የምላችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እጃችሁን አታውጡ። ወንዱ ከጋቢው ሥር፣ ሴቷ ከነጠላዋ ሥር። ቢያስቋችሁም፣ ቢያስፈራሯችሁም፣ «እስቲ ለሰላም» ቢሏችሁም አንድ እጅ ከልብስ ውጭ እንዳይታይ። እርስዎም እንዳይመርቁ። እንግዳን ሳይመርቁ መሸኘት እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ አልጠፋኝም፤ ከእርግማን እኩል ነው። ግን ምርቃታችንን የሠረቁት እነሱ ናቸው።

ፎቶ የሚነሣ እጅ ካላገኙ የሚጽፉት አይኖራቸውም። አደራ።

ያምሮት

———

አዝጉና፣ የካቲት 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለያምሮት፣

ጾሙን የበረከት ያድርግልሽ። ደህና ነን። እውነተኛውን ደህና ነው የምልሽ፤ ያኛውን ስለማታምኚኝ።

አዎን፣ እንዳልሽው ሆኗል። አንድም እጅ አልወጣም።

ከመኪናው ሲወርዱ አቶ ዳኘው በፈገግታ «መሪጌታ፣ እስቲ በምርቃት ይክፈቱልን» አለኝ። ጎረምሳው ስልኩን አዘጋጅቷል። «ጉሮሮዬን አሞኛል» አልኩ። ለጾሙ መግቢያ የተናገርኳት ውሸት ናት፤ ንስሐዋን ከአንቺ ጋር እንካፈላታለን። እናትሽ ከነጠላዋ ሥር እጇን በእጇ ጨብጣ ተቀምጣለች። ስልሳ ዓመት እጇን ለእንግዳ የዘረጋች ሴት ናት፤ በግድ ታስሮ እንደተቀመጠ ሰው ነበር የምትመስለው።

ሰውየው ግን ያው ውኃ ነው፤ በዚህ ሲዘጉት በዚያ ይሄዳል። ዙሪያውን አየ። እጅ የለም። ትንሽ አሰበና ምን ቢል ጥሩ ነው? «እንግዲያው የሚቃወም እጁን ያውጣ!»

አየሽ ልጄ? ያምሮት አታውጡ ብላለች። እናትሽ እኔን ታያለች፣ እኔ ሾላውን አያለሁ። አይናለም ከጋቢው ሥር ክርኑ ሲንቀሳቀስ ሚስቱ ጎኑን ቆነጠጠችው። ሁላችን እንደ ድንጋይ። «ጻፍ» አለው ለጎረምሳው፣ «ተቃውሞ ያቀረበ የለም»። ዝም አይነቅዝም ሲሉን አድገናል፤ ዘንድሮ ግን ዝምታችንም ነቀዘ።

አትዘኚ። ልወቅስሽ አይደለም የጻፍኩት። በእጅ ስንከሰስ ያንቺ ምክር በእጅ መመለስ ነበር፤ እነሱ ግን ጨዋታውን የያዙት በጥያቄው በኩል ነው። ጠያቂው እነሱ እስከሆኑ ድረስ ብናወጣም ባናወጣም የእነሱ ነን።

ደግሞ በዚያ አላበቃም። አሻራ ለማስነካት መጀመሪያ የጠሩት ወለተ ጊዮርጊስን ነው፤ ባልቴት ናት፣ አታስቸግርም ብለው ይሆናል። ተነሣች። የቀለሙን ዕቃ አየችው። ከዚያ በአገውኛ ትናገር ጀመር። ረጅም ተናገረች። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

«ምን ይላሉ?» አለኝ አቶ ዳኘው።

«ይናገራሉ።»

«እሱማ አየሁ፤ ምን እያሉ?»

«በአገውኛ ነው።»

«መሪጌታ፣ እባክዎ ይተርጉሙልኝ እንጂ! ባለፈው ተርጉመውልን የለ?»

«ባለፈው እንግዶች ናችሁ ብዬ ነው። እናንተ ግን ወረቀታችሁ ላይ ምስክር አደረጋችሁኝ። እኔ የደብር አገልጋይ ነኝ፤ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ቢሮ አስተርጓሚውን ይዞ ይምጣ» አልኩት። ጉሮሮዬ ያን ጊዜ ተሽሎት ነበር።

«ሌላ አማርኛ የሚችል የለም?» ብሎ ዞረ። ልጄ፣ ያን ቀን አዝጉና ውስጥ አማርኛ የሚችል ፍጡር ጠፋ። በገበያ ቀን ከቡሬ ነጋዴ ጋር በአማርኛ ተሰዳድቦ የሚያሸንፈው አይናለም እንኳ አፉን ከፍቶ እንደ ሕፃን ያየው ነበር። ከበላይ የመጣው ወረቀት የአስተርጓሚ ፊርማ ስለሚል ቀለማቸውን ከድነው ተመለሱ። ከአስተርጓሚ ጋር እንመጣለን ብለዋል።

ወለተ ጊዮርጊስ ምን አለች ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። አልጽፍልሽም። በአማርኛ ከጻፍኩት ያው ተረጎምኩ ማለት ነው። መጥተሽ ከአፏ ስሚው።

አጎትሽ ገብረሰንበት

———

ፍኖተ ሰላም፣ መጋቢት 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

አጎቴ፣

በመጀመሪያ ይቅርታ። እናቴ እጇን በእጇ ጨብጣ መቀመጧን ካነበብኩ ወዲህ ራሴን እወቅሳለሁ። በፈተና አንደኛ የወጣሁ ብልጥ መስሎኝ ነበር፤ ሁለተኛውን ጥያቄ ሳላስብ የመጀመሪያውን ብቻ መለስኩ። ፈተና ላይም እንደዚያ ያለች ተማሪ ትወድቃለች።

ከአስተርጓሚ ጋር እንመጣለን ያሏችሁ፣ አስተርጓሚ አግኝተዋል። ማን እንደሆነ ከማንም ሳይሰሙ ከእኔ ይስሙ ብዬ ነው የምቸኩለው።

ሰኞ ጠዋት አቶ ዳኘው ስብሰባ ጠራን። «አገውኛ የሚችል ከማዶው እናስመጣ ብንል ወር ይፈጃል፤ ከእኛ መካከል የሚችል የለም?» አለ። ሸጋዬ «የወፍ ቋንቋ ማን ይችላል ጋሼ? በቀቀን እንቅጠር እንጂ» አለ። ሳቁ። እኔም ስንት ጊዜ አብሬ ፈገግ ብያለሁ መሰለዎ፤ ፋራ እንዳልባል፣ ነገር እንዳይበዛ፣ ኮንትራቴ እንዳይነካ። ያን ቀን ግን ፎቶው ጠረጴዛው ላይ ነበር። እናቴ መዳፏን እንደዘረጋች እኔን ታየኛለች።

እጄን አወጣሁ።

አንዱን ብቻ። ቀጥ አድርጌ፣ እንደ ተማሪ።

«ምን ልትጠይቂ ነው?» አለ አቶ ዳኘው።

«ልጠይቅ አይደለም። እችላለሁ።»

«አንቺ?» አለ ሸጋዬ። «ከየት ተማርሽው?»

«ከእናቴ።»

«እናትሽ ደግሞ የት ተማሩት?»

«እሷ ፎቶው ላይ አለች። ፊት ለፊት ያለችው፣ ነጠላ ያጣፋችው። አንተ ነህ ያነሣሃት።»

ሸጋዬ ፎቶውን አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ ጆሮው ቀላ። ክፉ ሰው እንዳይመስልዎ፤ ማንም አላስተማረውም፤ ብቻ እሱም መማር አልፈለገም። አቶ ዳኘው «እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽንም?» አለኝ። «አልጠየቃችሁኝም» አልኩት።

በኋላ ለብቻዬ ጠርቶ ሻይ አዘዘልኝ። ልጅ ነሽ፣ ተስፋ አለሽ፣ ቋሚ ቅጥር በሰኔ ይወጣል አለኝ። «መተርጎም ማለት እኮ ሁሉንም ቃል መልቀም አይደለም፤ ሸካራ ሸካራውን ማለስለስ ነው» አለኝ። ሻዩን አልጠጣሁትም። ግን «እሺ፣ እሄዳለሁ» ብያለሁ።

አሁን እኔ ልጠይቅዎ። ስመጣ ከማን ጋር ነው የምቀመጠው? እናቴን ሳያት ተነሥቼ ጉልበቷን ልስም ወይስ አልስም? የሕግ መጽሐፎቼን ገለባበጥኩ፤ ይህን የሚል አንቀጽ የለም።

ያምሮት

———

አዝጉና፣ መጋቢት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ ያምሮት፣

ደብዳቤሽን ለእናትሽ አነበብኩላት። «እጇን አወጣች» የሚለው ጋ ስደርስ «ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት። ከዚያ ተነሥታ አጃውን ማበጠር ጀመረች። አጃው ግን ቀድሞ የተበጠረ ነበር።

ከእነሱ ጋር ተቀመጪ። ከእኛ ጋር ከተቀመጥሽ «የራሳቸው ሰው ተረጎመላቸው» ብለው ወረቀቱን ዋጋ ያሳጡታል። በእነሱ ወንበር ተቀምጠሽ በእኛ ቋንቋ ተናገሪ። የእናትሽን ጉልበት አትሳሚ። እሷም አታቅፍሽም፤ ነግሬያታለሁ።

ከዚህ የሚከብደው ግን ይኼ ነው፣ ስለዚህ አስቀድሜ ልንገርሽ። አንመርቅሽም። ስትመጪም፣ ስትናገሪም፣ ስትሄጂም እጃችን ከልብሳችን ሥር ነው። ያ ስልክ እዚያ አለና። ከዩኒቨርሲቲ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ላይ ሆነሽ መንደርሽ ትመጫለሽ፤ ሌላ መንደር ቢሆን እልልታው ነበር የሚቀድምሽ። እኛ ግን እንደማናውቅሽ እናይሻለን። አትከፊ። ምርቃትሽ ዕዳችን ነው፤ መኪናው ሲሄድ አንቺ ከቀረሽ፣ በቤታችን፣ በጓሯችን ካለው ቀርከሃ ሥር ሆነን እስኪበቃሽ እንመርቅሻለን።

ስለ ማለስለስ ያለሽንም ሰማሁ። ድጓ ስማር የኔታ አንዲት ምልክት ዘልዬ ካዜምኩ ከመጀመሪያው ያስጀምሩኝ ነበር። «ያላመመህን አትዝለል፣ ያመመህንም አትዝለል» ይሉኝ ነበር። ሌላ ምክር የለኝም።

አጎትሽ ገብረሰንበት

———

ፍኖተ ሰላም፣ መጋቢት 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ከስብሰባው በኋላ በደስታነሽ ቃል ልከው ለጠየቁኝ ሁሉ በተራው እመልሳለሁ።

ከእናንተ ጋር ያልቀረሁት ፈርቼ አይደለም። ቃለ ጉባኤው በእነሱ እጅ ብቻ አዝጉናን ለቆ እንዳይወጣ ነው። እስከ ፍኖተ ሰላም ጉልበቴ ላይ ይዠው መጣሁ፤ መዝገብ ቤት ገብቶ ማኅተም ሲመታበት ቆሜ አየሁ። እንዲህ ይላል፦ «ነዋሪው ቀደም ሲል ለእንግዳ ተራ እንጂ ምንጩን እንዳልሰጠ፣ አሁንም እንደማይሰጥ በየስሙ ተናግሮ በአሻራው አረጋግጧል።» ከዚህ በላይ አላለሰለስኩትም።

ከቀድሞው ቃለ ጉባኤ «ሙሉ በሙሉ» የሚለውን በአገውኛ ሳነብላችሁ አይናለም «ልጅቷ ከተማ ገብታ ቋንቋ ጠፍቶባታል፤ ውኃ እንዴት ሙሉ በሙሉ ይሰጣል፣ ዝናቡም አብሮ ነው?» ያለውንም አስገብቼዋለሁ። አቶ ዳኘው በጆሮዬ «እሱን ዝለይው» ሲለኝ፣ «እሱን ዝለይው አለኝ» ብዬ ጮክ ብዬ ስተረጉምላችሁ የሳቃችሁት ሳቅ ግን በወረቀት አልገባም አለኝ። ያን ሳቅ ለብቻዬ ይዠዋለሁ።

የወለተ ጊዮርጊስም ቃል አለ። ያን ጊዜ ለምን እንዳልጻፉልኝ ከአፏ ስሰማው ገባኝ። አንድም ቃል ሳልነካ ነው ያሰፈርኩት፦ «እንግዳ ተራ ይሰጠዋል፣ ምንጭ አይሰጠውም። በጠርሙስ አድርጋችሁ ስትመልሱልን ተራ የሚያወጣው ማን ነው? ጠርሙስ የውኃ አባት አለው? ልጄ ሲጠማው ለማን ነው የምጮኸው፣ ለክዳኑ?» አቶ ዳኘው ይህን ስተረጉምለት ብዕሩን አስቀምጦ መነጽሩን ጠረገ። አዘነ ብዬ ግን አላምንም።

እንግዲህ ፋይሉ ይህን ቃላችሁን ይዞ ወደ በላይ ተመልሷል። በቃ፣ ዳነ ብዬ አልዋሽዎትም፤ ሌላ ወረቀት፣ ሌላ ጥያቄ ይዘው ይመጡ ይሆናል። ውኃው ግን ለዘንድሮ በጋ በቦዩ ይወርዳል። የእኔ ኮንትራት ሰኔን እንደማይጠብቅ ትናንት ተነግሮኛል። ለእናቴ እርስዎ ይንገሯት፣ ቀስ ብለው። ሥራ አጥ አልሆንኩም ግን፤ ደንበኛ አለኝ።

ደንበኛዬ ሀይሉ ነው። ቡሬ ላይ መኪናው ለምሳ ሲቆም ሮጬ አየሁት። ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ «ዛሬ ረቡዕ ነው አይደል? ከሰዓት ተራው ባዶ ነው፤ ለወለተ ጊዮርጊስ ጎመን ይስጡት በያቸው» አለ። ይኸው አልኩ። ለፊታችን ማክሰኞ ቀጠሮ አለው፤ ያን ጥቁር ካባ ባይሆንም የክርክር ወረቀቴን ይዤ እቆማለሁ። ሣር የጎዘጎዘለት ቧንቧ ጭረት እንዳልነበረበት ከእሱ ሌላ ያየ ካለ፣ ሁለት ምስክር ይላኩልኝ።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ደግሞ «አየሽን ወይስ አላየሽም?» የሚል ነው። አየሁ።

ስብሰባው እንዳለቀ፣ እንደነገሩኝ፣ እናቴ እንደማታውቀኝ ስታየኝ ከዚያ ወንበር ላይ እንዴት እንዳልወደቅኩ አላውቅም። መኪና ውስጥ ገባሁ፤ ወደ ኋላ አልዞርኩም። ከቀርከሃው ጋ ስንታጠፍ ግን በጎን መስተዋቱ አየኋችሁ። መጀመሪያ እሷ ናት። ከነጠላዋ ሥር ሁለቱንም መዳፎቿን አወጣች። ከዚያ እርስዎ። ከዚያ ሁላችሁም፣ መንገዱን ሞልታችሁ፣ እጃችሁ ወደ ሰማይ።

ሸጋዬም አያችሁ። «ምን እያደረጉ ነው?» አለኝ። «ተስማሙ እንዴ?» ስልኩን አወጣ።

እጄን ካሜራው ላይ ጫንኩበት።

«ይኼኛው የእኔ ነው» አልኩት።

አሜን ብያለሁ አጎቴ። በአገውኛ ነው ያልኩት። መኪናው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሰምተውኛል።

ያምሮት